የእነሱ «ክላሲክ»፣ የእኛ «ቅጥቅጥ»

የእንግሊዝ አሮጌ የስፖርት መኪና የሚያደንቁ ወገኖቻችን አንድ ልማድ አላቸው፤ የመኪናውን ጉድለት ሁሉ «ውበት» ይሉታል። እኛ መኪኖቹን አንጠላም። የምንጠላው የሚመዝኑበትን ሚዛን ነው።

እስቲ አንድ ሁለቱን እንያቸው። እ.ኤ.አ. በ1958 የወጣችው ኦስቲን ሂሊ ስፕራይት የኋላ ኮፈን የላትም፤ ሻንጣ የሚገባው ከወንበሩ ጀርባ በኩል ነው። በሮቿ ከውጭ እጀታ የላቸውም፤ እጅን ወደ ውስጥ ሰዶ መክፈት ነው። መብራቶቿ ታጣፊ እንዲሆኑ ታስቦ ነበር። ወጪ ለመቀነስ ሲባል ሐሳቡ ቀረና ኮፈኗ ላይ እንዳፈጠጡ ወጡ። እንግሊዞች ግን «እንቁራሪት ዓይን» ብለው አቆላመጧት። ሞርጋንም እ.ኤ.አ. ከ1910 ጀምሮ ባለሦስት ጎማ ሲሸጥ፣ ከረዱት ነገሮች አንዱ ባለሦስት ጎማ እንደ ሞተር ሳይክል ስለሚታይ ቀረጡ መርከሱ ነበር። የሞርጋን አካል ዛሬም ውስጡ የእንጨት ማገር አለው።

እነዚህን «ጥበብ» ያደረጋቸው ምንድን ነው? እጥረት፣ ቀረጥና የኪስ ነገር!

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ከደብረ ኤልያስ ደብረ ማርቆስ የተጓዘ ሰው ቅጥቅጥን ያውቃታል። የአይሱዙ የጭነት መኪና ሻንሲ ላይ የእኛው ባለሙያ ላሜራ ቀጥቅጦ፣ በይዶ፣ ወንበር ደርድሮ አውቶቡስ አደረጋት። እሷም የእጥረትና የኪስ ልጅ ናት። ስሟ ግን ስድብ ሆነ። ባጃጅም ሦስት ጎማ ስላላት ይሳቅባታል፤ የሞርጋን ሦስት ጎማ ግን ፎቶው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል።

«ቅጥቅጥ እኮ ሰው ትጨርሳለች» የሚሉን ይኖራሉ። ስጋቱ እውነት ነው፣ አንሸሸውም። የጭነት ሻንሲ ከመሬት ከፍ ያለ ነው፤ ጣሪያው ላይ የጤፍ ጆንያ ሲደረደርበት ክብደቱ ይበልጥ ወደ ላይ ይወጣል፤ ጠመዝማዛ ላይ የመገልበጥ አደጋው ይጨምራል። በደንብ ያልታሰረ ወንበር በግጭት ጊዜ ተነቅሎ ተሳፋሪውን ይዞ ይሄዳል። ባጃጅም ነጠላ ጎማዋ ከፊት ስለሆነ ታጥፋ ፍሬን ስትይዝ፣ ሁለቱ ጎማዎች ከፊት ካሉት ከሞርጋን ይልቅ ለመገልበጥ ትቀርባለች።

ስድብ ግን ብሎን አያጠብቅም። የሚያጠብቀው ልኬት ነው። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለው። ተማሪዎቹ የመመረቂያ ሥራቸውን ለምን በቅጥቅጥ ላይ አይሠሩም? ስንት ዲግሪ ስታዘነብል ትገለበጣለች? ወንበሩ ከላሜራው ጋር ነው ወይስ ከአጽሙ ጋር የታሰረው? ጣሪያዋ ስንት ኪሎ ይችላል? መልሱ በሥዕልና በቁጥር ተጽፎ ለቀጥቃጩ ይሰጠው። መንገድ ትራንስፖርትም ቦሎ ከመለጠፉ በፊት በዚያው ልክ ይፈትሽ።

እንግሊዝ እንቁራሪቷን ያቆላመጠችው ራሷ ስለሠራቻት ነው። እኛም የሠራነውን መጀመሪያ እናክብር፤ ያከበርነውን ደግሞ እናርመው። የሚሳፈርባት እኮ የገዛ እናታችን ናት።