ከፈተና በኋላ መልስ ማመሳከር ለምን ይነቀፋል?

የፈተናው ወረቀት ተሰብስቦ የአዳራሹ በር እንደ ተከፈተ በደጃፉ ላይ የሚሰበሰበው ተማሪ ከሁለት ወገን ይነቀፋል። በአንድ ወገን አስተማሪዎቻችን፥ ያለፈው አልፏልና ሂዱ ለሚቀጥለው አጥኑ ይሉናል። በሌላው ወገን ከራሳችን መካከል ጠንቃቃ ነን የሚሉ ወንድሞችና እኅቶች፥ መልስ ማመሳከር ልብን ከማድማት በቀር ጥቅም የለውም እያሉ ጆሯቸውን ይዘው ወደ መኝታ ቤታቸው ይሮጣሉ። በዚህ ሰሞን የተሰጠው የባዮሎጂ ፈተና ይህን ሩጫ ከወትሮው አብዝቶት ስለ ነበረ፥ ስለ ነገሩ ጥቂት ቃል ለመጻፍ ተነሣሁ። አሳቤ ግልጽ ነው። በደጃፍ ላይ የሚደረገው ክርክር በሴሚስተሩ ውስጥ ካገኘነው ትምህርት ምናልባት የሚበልጠው ነው። የሚያሳዝነው ተማሪው መከራከሩ ሳይሆን ክርክሩ ዳኛ የሌለው መሆኑ ነው።

ፈተናው ከባድ ነበር። ይህን ማለቴ ለማማረር አይደለም፤ እንዲያውም ስንመኘው የኖርነው እንዲህ ያለ ፈተና ነው። የተሸመደደውን ቃል እንደ ዳዊት የሚያስደግም ጥያቄ ጥቂት ነበረበት፤ የሚበዛው የተማርነውን አዙረን ባላየነው ነገር ላይ እንድንሠራበት የሚያስገድድ ነበር። አዘጋጁን ማመስገን ይገባል። ነገር ግን እንዲህ ያለ ፈተና ከሽምደዳ ፈተና ይልቅ ማብራሪያ ይፈልጋል። በሽምደዳ ፈተና የተሳሳተ ሰው ደብተሩን ገልጦ ስሕተቱን ያገኛል፤ በአስተሳሰብ የተሳሳተ ሰው ግን ደብተሩን መቶ ጊዜ ቢያገላብጠው አያገኘውም፤ ስሕተቱ ያለው ደብተሩን በሚያነብበት ዓይን ላይ ነውና።

የቡናውን ጥያቄ እንውሰድ። የአረቢካ ቡና በአካሉ ሴል ውስጥ 44 ክሮሞሶም እንዳለው ጥያቄው ራሱ ነግሮናል። የሥሩ ጫፍ ሴል በማይቶሲስ ለመከፈል ክሮሞሶሞቹን በመካከል ባሰለፈ ጊዜ ስንት ክሮሞሶምና ስንት ክሮማቲድ ይቆጠራል? ከሚዮሲስ በኋላስ በእያንዳንዱ ሴል ስንት ይቀራል? በደጃፉ ላይ ወዲያው ሁለት ጭፍራ ተፈጠረ። አንደኛው፥ እያንዳንዱ ክሮሞሶም ከመከፈሉ በፊት ራሱን ደግሟልና 88 ክሮሞሶም ነው አለ። ሁለተኛው 44 ነው አለ፤ ምክንያቱን ሲጠየቅ ግን መጽሐፉ እንዲህ ይላል ከማለት በቀር መልስ አልነበረውም። ነገሩን የፈታችው አንዲት እኅታችን ናት። ሁለት እስክሪፕቶ ጎን ለጎን አድርጋ በፀጉሯ ላስቲክ ወገባቸውን አሰረችና፥ ክሮሞሶም የሚቆጠረው በእስክሪፕቶው ሳይሆን በላስቲኩ ነው፤ ላስቲኩ ሴንትሮሜር፥ እስክሪፕቶዎቹ ክሮማቲዶች ናቸው፤ ታስረው ሳሉ አንድ ክሮሞሶም፥ ሲላቀቁ ሁለት ይሆናሉ አለች። እንግዲህ 44 ክሮሞሶምና 88 ክሮማቲድ፥ ከሚዮሲስ በኋላ 22 ማለት ነው። 88 ብሎ የጻፈው ወንድማችን እስክሪፕቶዎቹን ከእጇ ተቀብሎ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲያስርና ሲፈታ ቆየ። እንዲህ ያለ ትምህርት በሌክቸር አዳራሽ ውስጥ ስንት ጊዜ አገኘን?

ሌላው ጥያቄ ግን እንዲህ በጎ ፍጻሜ አላገኘም። ባልና ሚስቱ ራሳቸው አልቢኖ አይደሉም፤ ነገር ግን ሁለቱም የአልቢኒዝምን ሪሴሲቭ ጂን ይሸከማሉ። ሦስት ልጆች ወለዱ፥ ሦስቱም አልቢኖ አልሆኑም። አራተኛው ልጅ አልቢኖ የመሆን ዕድሉ ስንት ነው? እዚህ ላይ ባለፈው ሴሚስተር ከፍተኛ ውጤት ያገኘ አንድ ባለ ትልቅ ድምፅ ወንድማችን፥ ከአራት አንዱ ከሆነና ሦስቱ ካለፉ አራተኛው የግድ ነው ብሎ ፈረደ። አንድ ሌላ ተማሪ ቀስ ብሎ፥ ዕጣው በየልደቱ እንደ አዲስ አይጣልም ወይ? ብሎ ቢጠይቅ፥ ተወን አንተ ደግሞ! ተባለ። በመጨረሻም፥ ማፈሪያ ነው እንጂ፥ እጅ አስወጥተው ቆጠሩ። የግድ ነው ያሉት በለጡ፤ ተበተንን።

የጠየቀው ትክክል ነበር። ፅንሱ ከእርሱ በፊት ስንት ታላላቆች እንደ ተወለዱና ምን ዓይነት እንደ ሆኑ አያውቅም፤ ለአራተኛውም፥ ለአሥረኛውም ልጅ ዕድሉ ያው ከአራት አንድ ነው። ይህ ስሕተት በአንድ ነጥብ ብቻ የሚታለፍ አይደለም። ከመካከላችን ብዙዎች ነገ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ያስተምራሉ፤ አንዳንዶቹም ወደ ጤና ሥራ ይገባሉ። አንዲት እናት ወደ ጤና ጣቢያ መጥታ፥ አንድ ልጄ እንዲህ ሆኖ ተወለደ፤ ሌላ ብወልድስ? ብላ በጠየቀች ጊዜ፥ እንግዲህ ተራው አልፏል፥ የሚቀጥሉት ሦስቱ ደኅና ናቸው፥ አይዞሽ ብሎ የሚሸኛት ያ በእጅ ብልጫ ያሸነፈው አሳብ ነው።

በብዙ ሰው ስምምነት የቆመ ስሕተት ምን ያህል ዕድሜ ሊኖረው እንደሚችል የባዮሎጂ ታሪክ ራሱ ይመሰክራል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1923 ቴዎፊለስ ፔንተር የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ የሰው ክሮሞሶም 48 ነው ብሎ አሳተመ። ከዚያ ወዲህ ከሠላሳ ዓመት በላይ መጻሕፍቱ 48 ብለው ጻፉ፥ ተማሪውም 48 ብሎ ተፈተነ፤ 46 ብሎ የመለሰ ቢኖር ኖሮ ነጥቡን ባጣ ነበር። በ1952 ሹ የተባለው ተመራማሪ፥ በስሕተት የቀጠነ ጨው ውሃ ሴሎችን አሳብጦ ክሮሞሶሞቹን ለዓይን እንዲመች እንደሚበታትናቸው አገኘ። (ቀይ የደም ሴል በንጹሕ ውሃ ውስጥ ቢገባ ምን ይሆናል? ተብለን የተጠየቅነው የዚሁ ዘመድ ነው፤ ውሃው ወደ ውስጥ ይገባል፥ ሴሉም አብጦ ይፈነዳል። የሽንኩርቱ ሴል የማይፈነዳው የሴል ግድግዳ ስላለው ነው። በዚህ ላይ ብዙ ጠብ አልነበረም።) ሹ ይህን የመሰለ ብልሃት በእጁ ይዞ ቢቆጥር ግን እርሱም 48 አለ። በ1956 ቺዮና ሌቫን በስዊድን አገር በሉንድ ከተማ ቆጥረው 46 መሆኑን አስታወቁ። እነርሱ በጽሑፋቸው እንደ ገለጹት፥ ከእነርሱ አስቀድሞ የፅንስ ጉበት ሴል ይመረምሩ የነበሩ ሰዎች ደጋግመው 46 ቆጥረው ሳለ፥ አርባ ስምንቱን ሁሉ ማግኘት አቃተን ብለው ሥራውን ለጊዜው አቋርጠውት ነበር። ዓይናቸው ያየውን ትተው የተሰበሰበውን እጅ አመኑ ማለት ነው። እነዚያ ሰዎች ቢያንስ ሴሉ በፊታቸው ነበረ፤ እኛ ግን የፈተና ወረቀታችንም በፊታችን የለም።

ወደ ዋናው ነገር ደረስን። የፈተና ወረቀታችን አይመለስልንም። ከሳምንታት በኋላ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ከመታወቂያ ቁጥራችን አጠገብ አንድ ፊደል ይለጠፋል፤ በቃ። ፊደሉ ምን እንደ ሠራን አይነግረንም፤ ምን እንዳጠፋንም አይነግረንም። ባለፈው ዓመት ከአጠገቤ ይቀመጥ የነበረ ጓደኛችን በጥቂት ነጥብ ጉድለት ከትምህርቱ ተሰናብቶ ወደ አገሩ ገባ። እስከ ዛሬ የተሳሳተው ምን ላይ እንደ ሆነ አያውቅም። ጉዳዩን ያየው መሥሪያ ቤት ደንቡን ጠብቆ ሠርቶ ይሆናል፤ በዚህ አልከራከርም። ነገር ግን አንድን ሰው ከትምህርት ገበታ ሲያስነሡት፥ የተነሣበትን ምክንያት በቀይ ቀለም ተጽፎ እንዲያይ ማድረግ ይህን ያህል ከባድ ነውን?

ይህ ከውጭ አገር የሚመጣ አዲስ ጥያቄ አይደለም። በአባቶቻችን ቅኔ ቤት ተማሪው ቀኑን ለብቻው ከዛፍ ሥር ሆኖ ሲቆጥር ውሎ፥ ቅኔውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም እዚያው በጓደኞቹ ፊት ያርሙታል፤ ይህ ቃል አይገባም፥ ይህ ቤት አይመታም፥ ምሥጢሩ እንዲህ ቢሆን ይሻላል ይሉታል። የአንዱ እርማት የሁሉም ትምህርት ይሆናል። ኤሌክትሪክና ፎቶ ኮፒ በሌለበት ደብር ውስጥ በዕለቱ የሚሠራውን፥ እኛ ኮምፒውተር ባለበት ግቢ በሴሚስተር ልንሠራው አልቻልንም።

የውጭ ምስክር ለሚፈልግም አለ። በ2009 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ፥ በአሜሪካ በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ በጄኔቲክስ ተማሪዎች ላይ የተደረገ ጥናት ነው። ተማሪው መጀመሪያ ለብቻው መለሰ፤ ከዚያ ከጎረቤቱ ጋር ተከራክሮ እንደ ገና መለሰ፤ ቀጥሎም ያንኑ አሳብ የያዘ ሌላ ጥያቄ ለብቻው መለሰ። ከክርክሩ በኋላ ያገኙት ውጤት ከበፊቱ ተሻለ። የሚያስደንቀው፥ መሻሻሉ ከጎበዝ ተማሪ በመኮረጅ ብቻ የመጣ አለመሆኑ ነው። በቡድኑ ውስጥ መልሱን የሚያውቅ አንድም ሰው ባልነበረበት ጊዜ እንኳ መከራከሩ ጠቀማቸው። ነገር ግን ይህ የሆነው ሥርዐቱን የሚመራ አስተማሪ ባለበት ክፍል ውስጥ መሆኑን ልብ በሉልኝ። የኛ ደጃፍ እንዲህ ያለ ሰው የለውም፤ ያለው ትልቅ ድምፅ ብቻ ነው።

ከአስተማሪዎቻችን የሚሰማው መልስ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው፥ ጥያቄዎቹ ከወጡ ለሚቀጥለው ዓመት አያገለግሉም የሚል ነው። ይህስ ያስቃል! ጥያቄዎቹ ወጥተዋል። የፈተናው ዕለት ማታ ተማሪው ያስታወሰውን ሁሉ በወረቀት አሰፈረው፤ ከእጅ ወደ እጅ፥ ከስልክ ወደ ስልክ ተዛወረ። ለመጪዎቹ ተማሪዎች የሚደርሳቸውም ጥያቄው ብቻ አይደለም፤ በእጅ ብልጫ የጸደቀው መልስ አብሮ ይደርሳቸዋል፥ አራተኛው ልጅ የግድ አልቢኖ ነው የሚለው ጭምር። ምሥጢር ሆኖ የቀረው ትክክለኛው መልስ ብቻ ነው። ሁለተኛው መልስ፥ ወረቀት ከተመለሰ ተማሪው ስለ ግማሽ ነጥብ ሲጨቃጨቅ ይኖራል የሚል ነው። ይህ እውነትነት አለው፤ ጨቅጫቃ መሆናችንን አልክድም። መድኃኒቱ ግን ቀላል ነው። የነጥብ አቤቱታ በጽሑፍ ብቻ ይቅረብ፤ ማብራሪያ የሚሰጥበት ሰዓት ለማብራሪያ ብቻ ይሁን። የአስተማሪው ሥራ መብዛቱን እናውቃለን፤ በአንድ ክፍል ያለነውን ብዛት የሚያይ ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ እያንዳንዱን ተማሪ ለብቻ አነጋግሩ አንልም። አንድ ሰዓት፥ አንድ ጥቁር ሰሌዳ፥ ብዙ ሰው የተሳሳተባቸው አምስት ጥያቄዎች ይበቁናል።

ለኛም ለተማሪዎቹ የምለው አለኝ። ጆሯቸውን ይዘው የሚሮጡት ብዙዎቹ ማስጠንቀቂያ የተሰጣቸው ወንድሞችና እኅቶች ናቸው፤ አንድ ተጨማሪ ስሕተት መስማት ለእነርሱ የነጥብ ነገር ሳይሆን ወደ ቤት የመመለስ ነገር ነው። እነርሱን ፈሪ ማለት ግፍ ነው። እኛ የቆምነው ግን ክርክሩን እንደ ገበያ እናደርገዋለን። ስንት አገኘህ? እንላለን እንጂ እንዴት አገኘኸው? አንልም። ቀስ ብሎ የሚናገረውን አናስጨርሰውም። እኅቶቻችን ከክቡ ዳር ይቆማሉ፤ ያች የእስክሪፕቶዋ እኅታችን እንኳ ለመናገር ስንት ጊዜ እጇን እንዳነሣች አይቻለሁ። ሌላው ቢቀር እጅ አስወጥቶ መቁጠሩን እንተው። የቀበሌ ስብሰባ አይደለም።

የማኅበራችን የትምህርት ጉዳይ ኮሚቴ ከላይ የተጠቀሰውን አንድ ሰዓት የሚጠይቅ ማመልከቻ ለባዮሎጂ ክፍል ኀላፊ ለማቅረብ አዘጋጅቷል። ማመልከቻው የሚጠይቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ውጤት ከመለጠፉ በፊት የማብራሪያ ሰዓት እንዲደረግ፥ የታረመው ወረቀትም ቢያንስ በቢሮ ውስጥ ለባለቤቱ እንዲታይ። ወረቀቱ እስከ ዐርብ ማታ ድረስ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይቆያል። የኬሚስትሪና የፊዚክስ ተማሪዎችም መፈረም ትችላላችሁ። ከአስተማሪዎቻችንም የሚፈርሙ ቢገኙ ለስማቸው የሚሆን ቦታ ከላይ በኩል ተትቶላቸዋል።