መንገዱ ከመቀየሱ በፊት ባለማሳው ይደመጥ



ከባድ መኪና ከተማ ሳይገባ በዳር እንዲያልፍ የሚሠራው፣ በተለምዶ «ባይፓስ» የምንለው መንገድ ለከተማ ነዋሪ የሚሰጠው ጥቅም ግልጽ ነው። የከተማው ዋና ጎዳና አገር አቋራጭ መንገድ በሆነበት ቦታ ሁሉ ተሳቢ የሚጎትት መኪና ከተማሪና ከጋሪ ጋር ሲጋፋ ይውላል። ስለዚህ በከተማው ዳር ያለ የገጠር ቀበሌ «መንገዱ በማሳችን አይለፍ» ብሎ ሲነሳ ከተሜው ቢበሳጭ አይፈረድበትም። ባለሥልጣናትም ይህን ብስጭት አሳምረው ያውቁታል። በገበሬው ላይ «ፀረ ልማት» የሚል ታርጋ ለጥፎ ከተሜውን ከጎን ማሰለፍ በአገራችን የቆየ ዘዴ ነው።

ፓርቲያችን መንገድ አይቃወምም። የሚቃወመው ችካል ከተተከለ በኋላ የሚጠራውን «የሕዝብ ውይይት» ነው።

ገበሬው የሚያነሳው ጥያቄ ተራ ጥያቄ አይደለም። በ2006 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባ - አዳማ የፍጥነት መንገድ ዱከምን፣ ቢሾፍቱንና ሞጆን በጎን ትቶ የሚያልፍ፣ ግራና ቀኙ የታጠረ መንገድ ነው። እንዲህ ያለ መንገድ ማሳን ለሁለት ሲከፍል በሬው ከወዲህ፣ እርሻው ከወዲያ ይቀራል። ከብቱ ውኃ የሚወርድበት፣ ቀብር የሚታጀብበት መሻገሪያ ሩቅ ከሆነ መንደሩ መንደርነቱን ያጣል። ይህን የሚያውቀው ነዋሪው ነው፤ ካርታ ላይ አይታይም።

ሕጉስ ምን ይላል? በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 ባለይዞታው በካሣው መጠን ላይ ብቻ አቤት እንዲል ፈቀደለት፤ ለዚያውም መሬቱን አስቀድሞ ካስረከበ ነው። «ለምን በእኔ ማሳ?» ለሚለው ጥያቄ በር አልነበረውም። በ2011 ዓ.ም. የተተካው አዋጅ ቁጥር 1161 የተሻለ መሆኑን መካድ አይገባም። የአምስት ዓመት አማካይ ገቢ በአሥር ተባዝቶ ይከፈል የነበረውን የገጠር የመፈናቀያ ካሣ፣ የሦስት ዓመቱ ከፍተኛ ገቢ በአሥራ አምስት ተባዝቶ እንዲከፈል አደረገ። ተነሺዎችንም መሬቱን ከማስረከባቸው ቢያንስ አንድ ዓመት አስቀድሞ ማወያየትን ደነገገ። (አሥራ አምስት ዓመት ረጅም የሚመስለው ገበያ ለማይወጣ ሰው ነው፤ ብሩ በየዓመቱ ምን ያህል እንደሚከሳ የቤት እመቤቶች ያውቁታል።)

ይሁን እንጂ ውይይቱ ስለ ፕሮጀክቱ ዓይነት፣ ጥቅምና ሂደት፣ ለመነሳት አስቀድሞ ከተመረጠው ሰው ጋር የሚደረግ ነው። መርዶ ማሰማትና ማማከር ግን ለየቅል ናቸው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ንዑስ አንቀጽ 2 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት ያጎናጽፋቸዋል። ውሳኔ ካለቀ በኋላ የሚጠየቅ ሐሳብ ለዚህ መብት ማሟያ ሊሆን አይችልም።

ከተሜው ጉዳዩ የእሱ አይደለም እንዳይል ሁለት ነገር እናስታውስ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ የካሣ ክፍያን ኃላፊነት በክልሎችና በከተማ አስተዳደሮች ትከሻ ላይ አኑሯል። ባዶ ካዝና ያለው ከፋይ ደግሞ ግምቱን ዝቅ ማድረግ ወይም ክፍያውን ማጓተት ይቀናዋል፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 ካሣው «በቅድሚያ» እንዲከፈል ያዘዘው ለዚህ ነበር። ሁለተኛው፣ ተሽከርካሪው ወደ አዲሱ መንገድ ሲዞር በአሮጌው መንገድ ዳር ያለው ሻይ ቤት፣ ጎሚስታና አልጋ ቤት ደንበኛውን ያጣል። ቤቱ ስላልፈረሰ ከተነሺዎች ዝርዝር አይገባም። አንድ ቀን እንኳ ተጠርቶ ያልተጠየቀ፣ ግን የከሰረ ነጋዴ ይሆናል።

ስለሆነም ፓርቲያችን በምክር ቤት መቀመጫ ሲያገኝ ሕጉ እንዲሻሻል ይሠራል። መስመሩ ከመወሰኑ በፊት ቢያንስ ሁለት አማራጭ መስመሮች ከነካርታቸው፣ በአካባቢው ቋንቋ በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ይለጠፋሉ፤ ከሁለቱ አንዱ ያልተመረጠበት ምክንያትም በጽሑፍ ይገለጻል። መስመሩ ራሱ፣ ዋጋው ብቻ ሳይሆን፣ በፍርድ ቤት የሚመረመር ይሆናል። የካሣው ገንዘብ በዝግ ሒሳብ ሳይቀመጥ አንድም ማሽን ማሳ አይገባም። ይህ መንገዱን በጥቂት ወራት ሊያዘገየው ይችላል፤ ይህን ከአሁኑ እንናገራለን። በካሣ ክርክር ግማሽ ላይ ከሚቆም መንገድ ግን ይፈጥናል።

የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን፣ የሚነካው ማኅበረሰብ አስተያየትም እንዲካተትበት በአዋጅ ቁጥር 299/1995 ከተደነገገ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። በከተማችሁ ዳር መንገድ ሊቀየስ ነው ሲባል ከሰማችሁ፣ ከመንደሩ ነዋሪዎች ጋር ሆናችሁ ሪፖርቱን ከአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ማመልከቻችሁንም በመዝገብ ቤት አስመዝግባችሁ ቁጥሩን ያዙ። ማመልከቻውን ለማዘጋጀት የሕግ ባለሙያዎቻችን በየከተማው ባሉት ጽሕፈት ቤቶቻችን ያለ ክፍያ ያግዛሉ።

የፓርቲው ዋና ጸሐፊ