የሰረዝኩት ጽሑፍ

ባለፈው የቡና ለቀማ ጊዜ ሸዋ ቤንች ዘመድ ጋ ነበርኩ። አንድ ቀን እሸት ቡና ከሚረከቡበት ቦታ ቆሜ ሳይ፣ እቤት ተመዝኖ የወጣ ጆንያ እዚያ ሲደርስ ኪሎው ቀነሰ። ባለቡናው ሚዛኑን አየ፣ ሚዛን ያዡን አየ፣ ብሩን ተቀብሎ ሄደ። ማታ ያየሁትን ፌስቡክ ላይ ለቀቅኩት። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አጎቴ ደወለ፦ «አንተ ነገ አዲስ አበባ ትገባለህ፤ እኛ ግን ቡናችንን የምንሸጠው እዚሁ ነው።» ሰረዝኩት።

ከዚያ ወዲህ በዓሉ ግርማ ከአእምሮዬ አልወጣም። በዓሉ የዚሁ የቡና አገር ልጅ ነው። ከሚዛን በቴፒና በማሻ አድርጋችሁ ወደ ጎሬና መቱ ብትወጡ የተወለደበት ኢሉባቦር ትገባላችሁ። «ሀዲስ» የተባለው ልቦለዱም ታሪኩ የሚካሄደው እዚያው ኢሉባቦር ነው። ጋዜጠኝነትን አሜሪካ፣ ሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተምሮ መጣ፤ አዲስ ዘመንን ጨምሮ ጋዜጦችንና መጽሔቶችን በአዘጋጅነት መራ፤ በደርግ ጊዜ በማስታወቂያ ሚኒስቴር ትልቅ ሥልጣን ላይ ደረሰ።

እዚህ ላይ እንተዋወቅ። በዓሉ ከውጭ ቆሞ የሚጮህ ሰው አልነበረም። የመንግሥት ሰው ነበር፤ ደመወዝ፣ ወንበርና ቤተሰብ ነበረው። በ1974 የቀይ ኮከብ ዘመቻ ሲጀመር አስመራ የሄደውም ለፕሮፓጋንዳው ሥራ ነው። ያየውን ውጦ ቢቀመጥ ማንም አይጠይቀውም ነበር። እሱ ግን በ1975 «ኦሮማይ»ን አሳተመ። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፣ እሱም ከሥራው ተባረረ። የካቲት 6 ቀን 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። መኪናው ተገኘ፣ እሱ አልተገኘም።

ነገሩ የኛ አገር ብቻ አይደለም። አሜሪካዊው ጋዜጠኛ ጆን ሪድ እ.ኤ.አ. በ1917 የሩሲያን አብዮት በዓይኑ አይቶ መጽሐፍ ጻፈ። ሌኒን ራሱ መግቢያ ጻፈለት፤ ሪድ ሲሞትም በክብር ክሬምሊን ግንብ ሥር ተቀበረ። ስታሊን ሥልጣን ሲይዝ ግን ያው መጽሐፍ ታፈነ፤ ምክንያቱም ስታሊን በታሪኩ ውስጥ ጎልቶ አይታይም። አብዮት ዛሬ ያመሰገነውን ጸሐፊ ነገ ሊያፍነው ይችላል።

ኢኮኖሚክስ ስማር አንድ ነገር በደንብ ገብቶኛል፦ ዝምታም ዋጋ አለው፤ ዝም ያለው ሰው ካልከፈለው ሌላው ይከፍለዋል። የኔን ዝምታ በየጆንያው የሚከፍለው ባለቡናው ነው። እገዳውም ቢሆን እንደታሰበው አልሠራም። «ኦሮማይ» ከገበያ ሲጠፋ ተፈላጊነቱ ጨመረ፣ ከእጅ ወደ እጅ እየተደበቀ ተነበበ። በ2017 ደግሞ በእንግሊዝኛ ታትሞ ወጣ።

ታዲያ ሁላችንም እንደ በዓሉ እንሁን ልል ነው? አይደለም። እሱ የከፈለውን ማንም እንዲከፍል አልመኝም፤ ያየውን በመጻፉ ሰው የሚጠፋበት አገር መቼም ደግ አገር አይባልም። የአጎቴ ፍርሃትም የሞኝ ፍርሃት አይደለም።

ግን ራሴንም ልመርምር። የሰረዝኩት ጽሑፍ አንድ ጠዋት፣ አንድ ጆንያ ነበር። የሌላ ሰው ሚዛን አልጠየቅኩም፣ ሚዛን ያዡንም አላናገርኩም። ተናድጄ ለቀቅኩ፣ ፈርቼ አነሳሁ፤ ሁለቱም ሲደመሩ አንድ ሰዓት አይሞሉም። በዓሉ ግን አስመራ ያየውን ይዞ ተመለሰ፣ ቁጭ ብሎ መጽሐፍ አደረገው፣ ስሙን ሽፋኑ ላይ ጻፈ። እኛ ስልክ የያዝነው ልጆች የጎደለን ድፍረት ብቻ መስሎን ነበር። እኔን የጎደለኝ ትዕግሥትም ነው።

ዘንድሮ ለቀማ ሲጀመር እመለሳለሁ። የበርካታ ሰዎችን ጆንያ እቤትም እዚያም አስመዝኜ እጽፋለሁ፤ የሚዛኑ ባለቤት የሚለውንም እጨምራለሁ። የባለቡናዎቹን ስም አልጠራም። የኔን ግን ከላይ አደርገዋለሁ። ለአጎቴ ሳልጽፍ በፊት ነግሬዋለሁ። ዝም ብሎ ቆየና «እንግዲያው የኔን ጆንያ አስቀድመህ መዝን» አለኝ።