መጫወቻ አይደለም



ባለፈው ስብሰባችን አንድ ሐሳብ ተነሥቶ ሳይቋጭ ቀርቷል። ለጀማሪ የሚሸጠውን የኤሌክትሮኒክስ ኪት በጋራ ገዝተን፣ ዓርብ የምንወጣው ልጆች አብረን እንማርበት የሚል ነው። ገሚሶቻችሁ ደገፋችሁ፣ ገሚሶቻችሁ ሳቃችሁ። አንዷ ታላቃችን ግን ቁም ነገር ተናገሩ፦ «የማኅበሩ ብር የታመመች የምትታከምበት፣ ደሞዝ የተከለከለች ቲኬት የምትቆርጥበት ነው። ለመጫወቻ አናወጣም።»

ስለ ብሩ ልክ ናቸው። የችግር ቀን ገንዘብ አይነካም፤ መማር የፈለግን ለብቻችን እናዋጣለን። «መጫወቻ» ባሉት ላይ ግን አልስማማም። ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም ለዚያ ነው።

ኪቱን ላላያችሁት ልንገራችሁ። መዳፍ የምታህል ሰሌዳ አለችው፤ ብዙ ጊዜ አርዱይኖ ኡኖ የምትባለው ናት። ያዘዟትን የምታደርግ ትንሽ ኮምፒውተር በሏት። ከእሷ ጋር ኤልኢዲ የሚባሉ ጥቃቅን አምፖሎች፣ ሬዚስተሮች፣ ቁልፎች፣ የምትጮህ በዘር፣ ሽቦዎች፣ ብርሃን ሲመጣና ሲሄድ የሚለይ ዕቃ አለ። ደግሞ ብሬድቦርድ የሚባል ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ፕላስቲክ አለ። ቃሉ የዳቦ መቁረጫ ጣውላ ማለት ነው። ድሮ ሬዲዮ የሚሞክሩ ሰዎች ከማድ ቤት ጣውላ ወስደው፣ ሚስማር መትተው፣ ሽቦውን እዚያ ላይ ይጠመጥሙ ነበር። ነገሩ ከኩሽና የወጣ ነው ማለት ነው።

አርዱይኖ የተሠራችው እ.ኤ.አ. በ2005 ጣሊያን ውስጥ ኢቭሪያ በምትባል ከተማ ነው። የተሠራችውም ለመሐንዲስ ሳይሆን ኤሌክትሮኒክስ ላልተማሩ የዲዛይን ተማሪዎች ነው። ስሟን እንኳ ያገኘችው ሠሪዎቿ ይሰበሰቡበት ከነበረ መጠጥ ቤት ነው። ንድፏ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ሌሎች ፋብሪካዎችም ይሠሯታል፤ ዋጋዋም በዚያ ምክንያት ወርዷል።

«10ኛ ክፍል ላቆመች ይኼ ምን ያደርግላታል?» ያላችሁ አላችሁ። እኔም 10ኛ ክፍል ነኝ። በእኛ ጊዜ 10ኛ ክፍል ላይ ማትሪክ ነበር፤ ነጥብ የመጣላት ወደ መሰናዶ፣ ያልመጣላት ወደ ቴክኒክና ሙያ ወይ ወደ ቤቷ። የኦምን ሕግ ከጥቁር ሰሌዳ ገልብጠን ሸምድደናል፤ ሬዚስተር የሚባለውን ግን በዓይናችን አላየነውም። ስለዚህ የጎደለን ጭንቅላት አይደለም፣ ዕቃው ነው። ዕቃው ደግሞ አሁን አንድ ካርቶን ውስጥ ይገባል።

የመጀመሪያው ቀን ሥራ አንድ አምፖል ማብራት ነው። አምፖሏ ሁለት እግር አላት፤ ረጅሙ ፖዘቲቭ፣ አጭሩ ኔጌቲቭ። ሰሌዳዋ 5 ቮልት ትሰጣለች፣ ቀይዋ አምፖል ግን 2 ቮልት ገደማ ነው የምትፈልገው። በቀጥታ ብንሰጣት ትቃጠላለች። መሐል ላይ ሬዚስተር እናስገባለን፤ እሱ እንደ ቧንቧ መክፈቻ ነው፣ የሚያልፈውን ይቀንሳል። ከ5 ላይ 2 ሲነሳ 3 ቮልት ይቀራል። 3ን ለ220 ኦም ስናካፍል 0.0136 አምፔር ነው፤ 14 ሚሊአምፔር ገደማ ማለት ነው። አምፖሏ እስከ 20 ስለምትችል አትጎዳም። አራት ቀለበት ያላትን ባለ 220 ሬዚስተር በቀለሟ ታውቋታላችሁ፤ ቀይ፣ ቀይ፣ ቡናማ፣ ከዚያ ብዙ ጊዜ ወርቃማ። ያ የሸመደድነው ሕግ ይኸው ነው፤ ሥራው ይህ ነበር።

ብሬድቦርዱ ላይ ጀማሪ የሚያስቸግራት አንድ ነገር ነው። በአጭሩ መስመር ያሉት አምስት ቀዳዳዎች ከሥር የተያያዙ ናቸው። ሁለቱን እግሮች እዚያው አንድ መስመር ላይ ከሰካችኋቸው አምፖሏ አትበራም። መሐል ያለው ቦይ ግራና ቀኙን ይለያል።

ሁለተኛው ቀን ኮድ ነው። «ብሊንክ» የሚባል ተጽፎ ያለቀ ምሳሌ አለ፤ አምፖሏን አንድ ሰከንድ አብርቶ አንድ ሰከንድ ያጠፋል። እዚያ ላይ 1000 የሚል ቁጥር ታያላችሁ፤ አንድ ሰከንድ ሺህ ቦታ ተከፍሎ ነው የሚቆጠረው። 1000ውን 200 ስታደርጉት አምፖሏ ትፈጥናለች። ኮምፒውተር ከሌለን በአንድሮይድ ስልክና በኦቲጂ ገመድ ኮዱን መላክ ይቻላል። እንግሊዝኛው አያስፈራን፤ ደጋግመው የሚመጡት ቃላት ጥቂት ናቸው። ዓረብኛ ቤት ውስጥ እየሠራን የተማርን ሰዎች ነን።

መመሪያው ላይ ያለውን መድገም ግን ገና ፈጠራ አይደለም። ፈጠራ የሚጀምረው የራሳችንን ችግር ስናመጣ ነው። አዲስ አበባ ውሃ በፈረቃ ሲሆን እናቶቻችን ሌሊት ተነሥተው ባልዲ ይጠብቃሉ። ሁለት ሽቦ ባልዲው አፍ ላይ ብናንጠለጥል፣ ውሃው ሲነካቸው ትንሽ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል፤ ሰሌዳዋ ያንን አውቃ በዘሯን ታስጮሃለች። እናት ተኝታ ትጠብቃለች። ይህን ችግር ከእኛ በላይ የሚያውቅ መሐንዲስ የለም። ማጠቢያ ማሽን ከመበላሸቱ በፊት ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚያሰማ የምታውቀውም ማዳም አይደለችም፣ እኛ ነን። ቤትን ማወቅ የፈጠራ ግማሹ ነው። ግማሹን ይዘን ነው የምንጀምረው።

አገራችንም ተጀምሯል። አዲስ አበባ አይኮግ ላብስ ውስጥ ለልጆች ኮድና ሮቦት ይማራል። በዚያ ሥራ የምትታወቀው ቤተልሔም ደሴ ሐረር ላይ በልጅነቷ የጀመረችው ከአባቷ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ነው። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሳይንስና የቴክኖሎጂ ማዕከል አለው። ታናናሾቻችን የሚነኩትን እኛም ብንነካው ነውር የለውም።

ሦስት ነገር ግን አደራ። አንደኛ፣ ከግድግዳ ሶኬት ጋር ጨዋታ የለም፤ እሱ ሰው ይገድላል። የእኛ ሥራ 5 ቮልት ላይ ብቻ ነው። የአሠሪንም ማሽን አንፈታም። ሁለተኛ፣ ኪቱ ከማኅበራችን ቤት አይወጣም። ሽቦና ባትሪ በሠራተኛ ቦርሳ ውስጥ ሲገኝ ያልሆነ ጥርጣሬ ያመጣል። ሦስተኛ፣ ወደ አገር ስትገቡ ትርፍ የሊትየም ባትሪና ፓወር ባንክ በእጅ ቦርሳ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ አይገባም።

ኪቱ ሥራ ይሰጠናል አልልም፤ ወረቀትም አይሰጥም። ነገር ግን በ2006 ዓ.ም. ከዚህ አገር ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን በጥቂት ወራት ውስጥ ሲመለሱ፣ ስንቱ የለበሰውን ብቻ ይዞ ቦሌ እንደደረሰ መንፉሃ የነበራችሁ ታውቃላችሁ። የቆጠብነው ብር ሊወሰድ ይችላል፣ የገዛነው ዕቃ ሊቀር ይችላል። እጅ የለመደው ግን አብሮ ይሳፈራል። ነገ ቴክኒክና ሙያ ልትገባ ያሰበች እህት፣ ሬዚስተርን ቀድማ ካወቀች ከዜሮ አትጀምርም።

እንግዲህ የእኔ ሐሳብ ይኸው። አሥር ሆነን በወር 10 ሪያል ብናወጣ በሦስት ወር 300 ሪያል ይሆናል። ባትሓ ካሉት ሱቆች ሁለት ሦስቱን ዋጋ ጠይቀን እንገዛለን። ከተረፈ ቮልት የሚለካ መልቲሜትር እንጨምርበታለን። የአገሩ ደንብ ለቤት ሠራተኛ በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት ይላል፤ ሁላችንም ግን እንደማናገኘው እናውቃለን። ስለዚህ የዓርቡን ትምህርት በወረቀት ስለን፣ ፎቶ አንሥተን፣ በድምፅ አስረድተን ለማትወጣዋ በስልክ እንልካለን። ስሟም ከአሥሩ አንዱ ሆኖ ይመዘገባል፤ በር ስለተዘጋባት ከትምህርቱ አትቀርም።

መማር የምትፈልጉ እስከሚቀጥለው ስብሰባ ስማችሁን ለጸሐፊያችን ስጡ። ደብተርና እርሳስ ይበቃል።