የመጀመሪያው ገበያ

ወዳጄ አንባቢ፤ በእጅህ የሠራኸውን ዕቃ ይዘህ ለመጀመሪያ ጊዜ ገበያ ወጥተህ ታውቃለህን? ዕቃህን ዘርግተህ ስትቀመጥ፣ ከመሥሪያ ቤት የሚያውቅህ ሰው ብቅ ይላል፤ አንተም ጫማህን ታያለህ።

ይህ እፍረት ዛሬ የተወለደ አይደለም። በአገራችን ብረት ቀጥቃጩ ጠይብ፣ ሸክላ ሠሪዋ ቡዳ እየተባሉ ሲሰደቡ ኖረዋል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማውጣታቸው ነገሩ የቱን ያህል የከፋ እንደ ነበረ ያስረዳል። በጎንደር አጠገብ በወለቃ ይኖሩ የነበሩት የቤተ እስራኤል ሴቶች ግን በስድቡ ምክንያት ሥራቸውን አልጣሉም፤ ከጀበናና ከምጣድ ሌላ ትንንሽ ምስሎችን እየሠሩ ለቱሪስት ይሸጡ ነበር።

እፍረቱን ያሸነፈ ሰው ግን ሌላ ፈተና ይጠብቀዋል፤ ይኸውም ዋጋ መቁረጥ ነው። አንዲት ተማሪዬ እዚህ መተማ በተደረገ አነስተኛ የእጅ ሥራ ባዛር ላይ የሸክላ ዕጣን ማጨሻ ይዛ ቀረበች። ምርጫዋ መልካም ነበር። የዕጣኑ ዛፍ በመተማና በቋራ ቆላ ይበቅላል፤ በጀበና ቡና ማፍላትና ዕጣን ማጤስም ከድንበሩ ወዲህም ወዲያም ያለ ልማድ ነው። ነገር ግን ዋጋ ሳትወስን ነበር የወጣችው። የመጀመሪያው ገዢ 100 ብር ቢላት በደስታ ሰጠችው፤ ከዚያ ወዲያ የመጣው ሁሉ በዚያው ዋጋ ገዛ።

ማታ አብረን ሒሳቡን ሠራን። ለ10 ማጨሻ አፈሩ፣ ማገዶውና ማጓጓዣው 600 ብር ፈጅቷል። ሁለቱ ሲተኮሱ ተሰነጠቁ፤ ስምንቱ 800 ብር አመጡ። የተረፈው 200 ብር ለ10 ቀን ድካም ሲካፈል በቀን 20 ብር ሆነ። ልጅቱ ዝም አለች።

ቆየት ብላ ግን «መምህር፣ ከገዙኝ አንዷ ከሱዳን ጦርነት ሸሽተው የመጡ እናት ነበሩ፤ ለእርሳቸውስ በነፃም ብሰጥ አይቆጨኝም» አለችኝ። ጦርነቱ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ከተነሣ ወዲህ ቤቱን ጥሎ በመተማ በኩል የገባው ሰው ብዙ ነውና፣ አሳቧን አከበርሁ። ነገር ግን የሰጠውን ዋጋ የማያውቅ ሰው ተታለለ እንጂ ለገሰ አይባልም።

ስለዚህ ወዳጄ፣ ገበያ ከመውጣትህ በፊት እርሳስና ወረቀት ያዝ። ወጪህን ጻፍ፤ የተሰበረውን ኪሣራ በደኅናው ላይ አካፍል፤ ከዚያም የቀን ድካምህን ጨምር። በገበያችን መከራከር ልማድ ስለሆነ፣ የመጨረሻውን ዋጋ በልብህ ይዘህ ከፍ አድርገህ ጀምር። ገዢው ትቶህ ቢሄድ አትደንግጥ፤ ዕቃው አልበሰበሰም።

ተማሪዬ በሁለተኛው ጊዜ 180 ብር ብላ አምስት ብቻ ሸጠች። አንዱን ደግሞ ለአንዲት ስደተኛ እናት በነፃ ሰጠች፤ ስትሰጥም 180 ብር የሚያወጣ ዕቃ መስጠቷን ታውቅ ነበር። እኔም በዚያ ሳልፍ አላቀረቀረችም፤ «መምህር፣ አይገዙም?» አለችኝ።

ገዛሁ፤ ዋጋም አላስቀነስሁ።