ቅዳሜን ለገበያና ለጢስ ዓባይ

ልጆቻችሁ ሩዝ በሱፐርማርኬት የሚበቅል ይመስላቸው ይሆናል። ከደብረ ታቦር ወደ ባሕር ዳር ስትወርዱ ወረታ ላይ የፎገራን ሜዳ አሳዩአቸው፤ በጥቅምት ሩዙ ገና ከማሳው አልተነሳም።

ባሕር ዳር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ንጋት 12 ሰዓት ከወጣችሁ የቅዳሜው ገበያ ሲደራ ትደርሳላችሁ። በርበሬውን እናንተ ምረጡ፤ የአገልግሉን ዋጋ ግን ልጆቹ ይከራከሩ። ትንሽ ቢወደድባቸውም ዝም በሉ።

ጢስ ዓባይ ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ወንዙ ሲሞላ ፏፏቴው እስከ 400 ሜትር ይሰፋል። ውሃው ለኤሌክትሪክ ማመንጫ ስለሚጠለፍ ግን በበጋ ይሳሳል። በሚያዝያ ወስዳችኋቸው «ጢሱ የታለ?» ቢሏችሁ ምን ትመልሳላችሁ? በእኔ በኩል ከመስከረምና ከጥቅምት ውጭ አልመክርም።

በእግር ስትሄዱ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የተሠራውን የድንጋይ ድልድይ ትሻገራላችሁ። መንገዱ ሲረጥብ ያዳልጣል፤ ነጠላ ጫማ አይሆንም፣ የትንንሾቹንም እጅ አትልቀቁ። ምሳችሁን ከአዲሱ አገልግል ብሉ።

ከሁሉ በፊት፣ ዋዜማውን ደውላችሁ የመንገዱን ሰላም ጠይቁ። ካልተመቸ ለሌላ ቅዳሜ አቆዩት። ከሄዳችሁም፣ ሳይመሽ ደብረ ታቦር እንድትገቡ ከ9 ሰዓት በፊት ከፏፏቴው ተነሱ።