ጎርፉ ከመልእክቱ እንዳይቀድም

በደቡብ ጎንደር ዞን በጉና ተራራ ላይ የጣለ ዝናብ በርብና በጉማራ ወንዞች አድርጎ ወደ ፎገራ ሜዳ ይወርዳል። ላይኛው አካባቢ ዶፍ ሲወርድበት የሜዳው ሰማይ ብራ ሊሆን ይችላል። ሩዙን የሚያርመው፣ ከብቱን ወንዝ ዳር ያሰማራው አርሶ አደር አደጋውን የሚያውቀው ብዙ ጊዜ ውኃው ደፍርሶና ሞልቶ ከዳርቻው ሲያልፍ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ፎገራን፣ ሊቦ ከምከምንና ደምቢያን ያጥለቀለቀው ጎርፍ ሰብል አውድሟል፤ ቤት አፍርሷል፤ በርካታ ቤተሰቦችን ከቀያቸው አፈናቅሏል።

ውኃው ከጉና ግርጌ ተነሥቶ ጣና ዳር እስኪደርስ ሰዓታት ይፈጅበታል። በራዲዮ ሞገድ የተላከ ቃል ግን ያንኑ መንገድ በቅጽበት ይጨርሰዋል። በእነዚህ ሰዓታት ውስጥ ከብት ወደ ከፍታ ይነዳል፣ እህል ከጎተራ ይወጣል፣ ሕፃናትና አረጋውያን ይሸሻሉ። መልእክቱ ካልደረሰ ግን ሰዓታቱ በከንቱ ያልፋሉ።

የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የአሥር ቀን፣ የወርና የወቅት ትንበያ ያወጣል። መረጃው ከአዲስ አበባ ወደ ክልል፣ ከክልል ወደ ዞንና ወረዳ ይወርዳል። ከወረዳ ወደ ቀበሌ፣ ከቀበሌ ወደ ጎጥ የሚሄደው የመጨረሻው መንገድ ግን እንደ ባለሙያው ትጋት፣ እንደ መንገዱና እንደ ኔትወርኩ ሁኔታ ይወሰናል። ብዙው የማስጠንቀቂያ መልእክት የሚጠፋውም በዚህ አጭር መንገድ ላይ ነው።

ጉዳዩ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ዋና ጸሐፊ አንቶኒዮ ጉተሬዝ በመጋቢት 2014 ዓ.ም. ባወጁት ዕቅድ መሠረት እ.ኤ.አ. እስከ 2027 መጨረሻ ድረስ በምድር ላይ ያለ ሰው ሁሉ በቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት እንዲጠበቅ ግብ ተቀምጧል። ኢትዮጵያ ዕቅዱ በቅድሚያ ከሚተገበርባቸው 30 አገሮች አንዷ ናት። ዕቅዱ አራት ምሰሶዎች አሉት፦ ስጋትን ማወቅ፣ መከታተልና መተንበይ፣ ማስጠንቀቂያን ማሰራጨት፣ እንዲሁም ለምላሽ መዘጋጀት። ድርጅቱ እንደሚለው አደጋው ከመድረሱ 24 ሰዓት ቀድሞ የደረሰ ማስጠንቀቂያ ጉዳቱን በ30 በመቶ ሊቀንስ ይችላል። ራዲዮ የሚገባው በሦስተኛው ምሰሶ ነው፤ ሥራው ግን እዚያ ብቻ አያበቃም።

ስልክ ዝም ሲል

ዛሬ በገጠሩ ብዙ ቤት ውስጥ የራዲዮን ቦታ ሞባይል ይዞታል። በሰላሙ ጊዜ ይህ መልካም ነው። የግብርና ምክር የሚሰጠው 8028 የስልክ አገልግሎትም ለአርሶ አደሩ ጠቃሚ በር ከፍቷል። በአደጋ ጊዜ ግን ስልክ በሁለት በኩል ይከዳል። አንደኛ፣ የኔትወርክ ማማው መብራት ሲጠፋበት በመጠባበቂያ ባትሪ የሚቆየው ለተወሰነ ጊዜ ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ማማው ቢሠራ እንኳ የአካባቢው ሰው በአንድ ጊዜ ሲደውል መስመሩ ይጨናነቃል።

የራዲዮ ሥርጭት እንዲህ ዓይነት መጨናነቅ የለበትም። አንድ ማሰራጫ ለመቶ ሰው የሚያደርሰውን ለመቶ ሺህም በዚያው ኃይል ያደርሳል። መቀበያውም ቢሆን ጥቂት የባትሪ ድንጋይ ወይም ትንሽ ሶላር ይበቃዋል።

በካሪቢያን ባሕር የምትገኘው ፖርቶ ሪኮ የገጠማት ይህን በግልጽ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2017 ማሪያ የተባለው አውሎ ነፋስ ደሴቲቱን ሲመታ ከሞባይል ማማዎቿ 95 በመቶ ያህሉ ሥራ አቆሙ። የመብራት መስመሯም ወደቀ። በዚያን ጊዜ ዋፓ ራዲዮ የተባለ የመካከለኛ ሞገድ ጣቢያ ሥርጭቱን ሳያቋርጥ ቆየ። ሰዎች በእግራቸው ወደ ጣቢያው እየሄዱ ለዘመዶቻቸው መልእክት አስነገሩ። ዘመናዊ የስልክ አገልግሎት የተስፋፋበት አካባቢ ሳይቀር በክፉ ቀን ወደ ራዲዮ ተመልሷል።

ሆኖም ራዲዮ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ኤፍ ኤም ጥራት ያለው ድምፅ ቢኖረውም ሞገዱ በቀጥታ መስመር ስለሚጓዝ ተራራ ይጋርደዋል። ከማሰራጫው 30 ኪሎ ሜትር ርቆ አምባ ላይ ያለ ቤት አጥርቶ ሲሰማ፣ ከአምባው ሥር በሸለቆ ያለው ቤት ጩኸት ብቻ ሊሰማ ይችላል። የመካከለኛ ሞገድ ሥርጭት መሬቱን ይዞ ስለሚሄድ፣ በሌሊትም ከላይኛው ከባቢ አየር እየነጠረ ስለሚመለስ ሩቅ ይደርሳል። ገደልና ሸለቆ በበዛበት ክልል የኤፍ ኤም ጣቢያ ስለበዛ ብቻ የመካከለኛ ሞገዱን ችላ ማለት፣ አብዛኛውን ጊዜ ለአደጋ የሚጋለጠውን የቆላና የሸለቆ ነዋሪ ከመረጃ ማግለል ይሆናል።

ብዙ ሰው ያላስተዋለው ሌላም ነገር አለ። በርካታ ተራ የእጅ ስልኮች የኤፍ ኤም ራዲዮ አላቸው። ይህ ራዲዮ ኔትወርክ ባይኖርም፣ ሲም ካርድ ባይገባም ይሠራል። የሚያስፈልገው የጆሮ ማዳመጫው ገመድ ነው፤ ገመዱ እንደ አንቴና ያገለግላል። በኔትወርክ መቋረጥ ጊዜ “ስልኩ ሞቷል” ተብሎ የሚጣለው ዕቃ መረጃ መቀበያ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። የቀበሌ የግብርና ባለሙያ ይህን በአንድ ስብሰባ ሊያሳይ ይችላል፤ ወጪ የለውም።

“ዝናብ ይኖራል” ማለት ብቻ አይበቃም

መልእክቱ በጆሮ መድረሱ አንድ ነገር ነው፤ ለሥራ መዋሉ ሌላ ነው። የወቅት ትንበያ የሚገለጸው “ከመደበኛ በላይ”፣ “መደበኛ” እና “ከመደበኛ በታች” በሚሉ ሦስት ደረጃዎች ሲሆን ለእያንዳንዱ የመከሰት ዕድል ይሰጠዋል። ይህ ለባለሙያ ትርጉም አለው። ጤፉን አጭዶ ማሳ ላይ ላሰጣ አርሶ አደር ግን “በአንዳንድ አካባቢዎች ከቀላል እስከ መካከለኛ መጠን ያለው ዝናብ ይጠበቃል” የሚለው ዐረፍተ ነገር ዛሬ ማታ ምን እንዲያደርግ አይነግረውም።

በጥቅምትና በኅዳር የሚመጣ ወቅቱን ያልጠበቀ ዝናብ የአንድ ዓመት ልፋትን በአንድ ሌሊት ያበላሻል። የደረሰ ጤፍ ይረግፋል፣ የታጨደው ይበሰብሳል ወይም ይበቅላል፣ ሽፋን የሌለው ክምር ውኃ ያስገባል። ስለዚህ የራዲዮ መልእክት አራት ነገሮችን መያዝ አለበት፦ አደጋው የት እንደሚደርስ በወረዳና በወንዝ ስም፣ መቼ እንደሚደርስ በቀንና በሰዓት፣ አርሶ አደሩ ምን ማድረግ እንዳለበት፣ ቀጣዩ መረጃ በስንት ሰዓት እንደሚነገር። “የደረሰውን ሰብል እስከ ነገ ማታ ሰብስቡ፤ ክምሩን በሸራ ወይም በሣር ክደኑ፤ የአውድማውን ዙሪያ ቦይ ቅደዱ” የሚል መልእክት ሰውን ከመቀመጫው ያስነሣል።

ሰዓቱም ወሳኝ ነው። አርሶ አደሩ እርሻ ላይ ባለበት ረፋድ የተነገረ ማስጠንቀቂያ ባዶ ቤት ውስጥ ይነገራል። ሴቶች ውኃ በሚቀዱበት ወይም ምግብ በሚያዘጋጁበት ሰዓት የሚተላለፈውም እንዲሁ ከቤተሰቡ ግማሹ ሳይሰማው ያልፋል። ማታ ከብት ከገባ በኋላ በየቀኑ በአንድ በተወሰነ ሰዓት፣ ሕዝቡ በለመደው ድምፅ፣ አካባቢው በሚናገረው ቋንቋ የሚሰጥ አጭር መረጃ ከሁሉ ይሻላል። አገው ምድርና ዋግ ኽምራ ላይ በአማርኛ ብቻ የሚነገር ማስጠንቀቂያ ጎዶሎ ነው። በሰላሙ ቀን የተለመደ ሰዓት በክፉ ቀን የወሬና የአሉባልታ ማርከሻ ይሆናል፤ ሰው ጭምጭምታ ሲሰማ “ማታ እስኪነገር” ብሎ የሚጠብቀው ነገር ያገኛልና።

መስማት ብቻ ሳይሆን መናገርም

እስካሁን የተነሣው ከስቱዲዮ ወደ ማሳ የሚሄደው ቃል ነው። ከማሳ ወደ ወረዳ የሚመለሰውስ? ከ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ አገሪቱን የወረረው የበረሃ አንበጣ፣ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት እንዳለው በኢትዮጵያ በ25 ዓመታት ውስጥ ከታየው ሁሉ የከፋ ነበር። በ2013 ዓ.ም. መኸር መግቢያ የራያ ቆቦንና የሌሎች የወሎ ቆላማ አካባቢዎችን የማሽላና የጤፍ ማሳ በልቷል። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን መንጋ በቀን የሚበላው 35 ሺህ ሰው የሚመገበውን ያህል ነው። ነፋስ ካገዘው በቀን እስከ 150 ኪሎ ሜትር ይጓዛል።

አርሶ አደሩ በጅራፍ፣ በጩኸትና በቆርቆሮ ድምፅ መንጋውን ከማሳው ያባርረዋል፤ ነገር ግን የሚያርፈው በጎረቤቱ ማሳ ላይ ነው። መንጋውን ማጥፋት የሚቻልበት ዋናው ጊዜ ሌላ ነው። አንበጣ ፀሐይ ስትጠልቅ ያርፋል፤ ጠዋት ፀሐይ እስክታሞቀው ድረስም አይነሣም። ኬሚካል ለመርጨት አመቺው ይህ የማለዳ ጊዜ ነው። ያን ለመጠቀም ደግሞ መንጋው ያረፈበት ጎጥ በዚያው ሌሊት ለወረዳው መታወቅ አለበት። ኔትወርክ በሌለበት ቀበሌ ሰው በእግሩ ሄዶ እስኪያሳውቅ መንጋው ተነሥቶ ይሄዳል።

በእጅ የሚያዝ ሁለት ወገን የሚያነጋግር የመገናኛ ራዲዮ ይህን ክፍተት ይሞላል። እርግጥ ነው፣ የእጅ ራዲዮ ብቻውን በተራራማ መልክዓ ምድር ከጥቂት ኪሎ ሜትሮች በላይ ላይዘልቅ ይችላል። ከፍ ባለ አምባ ላይ በሶላር የሚሠራ ሪፒተር ሲተከል ግን የአንዱን ሸለቆ ድምፅ ተቀብሎ ለሌላው ሸለቆ ያሳልፋል። ለፎገራም መፍትሔው ተመሳሳይ ነው። ከጉና ሥር ባሉ ቀበሌዎች የተመደበ ሰው የወንዙን ከፍታ በእንጨት መለኪያ አይቶ “ውኃው ቀዩን መስመር አልፏል” ብሎ ለታችኛው ቀበሌ ቢናገር፣ የሜዳው ነዋሪ ለመሸሽ በቂ ጊዜ ያገኛል። የሞገድ አጠቃቀሙ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ስለሚያስፈልገው ጥያቄው ከክረምቱ በፊት መቅረብ ይኖርበታል።

ከራዲዮው እስከ ጥሩንባው

ራዲዮ የማይደርስበት ሰዓትም አለ። ሐምሌ 29 ቀን 1998 ዓ.ም. ለ30 አጥቢያ ድሬዳዋን የመታው የደቻቱ ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን የገደለው ሕዝቡ በተኛበት ነው። በዚያ ሰዓት የተከፈተ ራዲዮ በየቤቱ አይኖርም። ከመሣሪያው በኋላ ሰው የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ባንግላዴሽ ይህን በመራራ ዋጋ ተምራለች። እ.ኤ.አ. በ1970 የደረሰው አውሎ ነፋስ ቢያንስ 300 ሺህ ሰው ከፈጀ በኋላ፣ በ1972 የአውሎ ነፋስ ዝግጁነት ፕሮግራም ተቋቋመ። ማስጠንቀቂያው ከዋናው ቢሮ በመገናኛ ራዲዮ ወደ ወረዳዎች ይሄዳል፤ ከዚያ በየመንደሩ ያሉ በጎ ፈቃደኞች ባንዲራ ሰቅለው፣ በድምፅ ማጉያ እየጮኹ ከቤት ቤት ይዞራሉ። እ.ኤ.አ. በ2007 ሲድር የተባለው ኃይለኛ አውሎ ነፋስ ሲመታ የሞቱት ከ3 ሺህ በላይ ነበሩ። ቁጥሩ አሁንም ከባድ ሐዘን ነው፤ ከቀድሞው ጋር ሲነጻጸር ግን ለውጡ ግልጽ ነው። ለውጡን ያመጣው ራዲዮው ብቻ አልነበረም። መጠለያው፣ የተደራጀው ሰውና የተደጋገመው ልምምድም ድርሻ አላቸው።

በአማራ ገጠር የዚህ መሠረት አስቀድሞ አለ። ዕድር ጥሩንባ ነፊ አለው። ጥሩንባው ሲነፋ ሰው ሥራውን ትቶ ይወጣል፤ ለምን ብሎ አይከራከርም። በየጎጡ አንድ ራዲዮ ጠባቂ ቢመደብ፣ ማስጠንቀቂያውን ሰምቶ ለጥሩንባ ነፊው ቢያደርስ፣ ለአደጋም ከለቅሶው የተለየ የአነፋፍ ምልክት ስምምነት ቢደረግበት፣ ከስቱዲዮ የተነሣው ቃል ራዲዮ የሌለውን ቤት ሳይቀር ያንኳኳል።

ቅድመ ዝግጅቱ ምን ይጠይቃል?

ከዚህ ቀደም በተለያዩ ሥራዎች እንደታየው መሣሪያ ማከፋፈል ቀላል ነው፤ እንዲሠራ አድርጎ ማቆየት ግን ይከብዳል። ባትሪው ያለቀበት፣ አንቴናው የተሰበረ፣ ቁልፉ ለስብሰባ ከሄደ ሰው ኪስ ያለ ራዲዮ ከሌለው አይሻልም። ስለዚህ ለወረዳዎች የሚመደበው በጀት የግዢውን ያህል ለባትሪ፣ ለጥገናና ለሥልጠና ማሰብ አለበት። ለእያንዳንዱ መሣሪያም ተጠያቂ የሆነ አንድ ሰውና አንድ ተተኪ ሊኖረው ይገባል።

ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶ አደጋው ሳይደርስ የሚቀርበት ጊዜም ይኖራል። ይህ ሲሆን ዝም ማለት አመኔታን ይሸረሽራል፤ በማግሥቱ በዚያው ሰዓት “ዝናቡ አቅጣጫውን ቀይሯል” ብሎ መንገር ግን አድማጩን ያቆየዋል። ዕውቀቱ አንድ አቅጣጫ ብቻ እንዳይሆንም የአገሬው ሽማግሌ ስለ ወንዙና ስለ ነፋሱ የሚያውቀው በፕሮግራሙ ላይ ቦታ ማግኘት አለበት።

ለፎገራ፣ ለደምቢያና ለቆላማው ወሎ ወረዳዎች የመጀመሪያው እርምጃ ትልቅ ገንዘብ አይጠይቅም። ግንቦት ላይ፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ የግብርናና የአደጋ መከላከል ጽሕፈት ቤቶች ከክልሉ ራዲዮ ጋር ሆነው አንድ የሙከራ ማስጠንቀቂያ ቢያስተላልፉና በማግሥቱ በየጎጡ “ሰማችሁ ወይ? በስንት ሰዓት? ከማን?” ብለው ቢጠይቁ፣ መልእክቱ የት ቦታ ላይ እንደሚቆም በአንድ ቀን ይታወቃል። የተቆረጠውን መስመር ለመቀጠልም ሐምሌ ከመግባቱ በፊት ጊዜ ይኖራል።